ዘይት ቤቱ በር ላይ የተቀመጠው ጃርት

ተረት ተረት፤ የዘይት በረት!

እመት ግመል ኑግ እየጨመቀች የምትተዳደርበት ዘይት ቤት ነበራት። አንድ ቀን ጃርት እሾኹን አቁሞ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ገበያተኛው ሁሉ ፈርቶ ተመለሰ።

«ምን ፈለግህ፣ አያ ጃርት?» አለችው።

«ቤቱን ልወስደው ነው። ካልሆነ አንድ እንስራ ዘይት ስጪኝና ልሂድልሽ።»

«ለምን አንተም አትጨምቅም?»

«ኑግ መጭመቅ ወገብ ይቆርጣል፤ ጨማቂን መጭመቅ ግን መቀመጥ ብቻ ነው» ብሎ የሰጠችውን እንስራ ተሸክሞ ሄደ።

ግመል ነገሩን ስታመነዥከው አደረች። ሲነጋ ሥራዋን ትታ የጃርት ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋደመች። ጃርት መውጫ ቢያጣ እንስራውን መለሰላት። በማግስቱ ደግሞ እሱ ተመልሶ በሯ ላይ ተቀመጠ።

ዛሬም እንስራው ይመላለሳል። ዘይቱ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ካለቀ ቆይቷል፤ ሁለቱ ግን በየተራ እንስራ ሲቀበሉ ስለሚታዩ በአገሩ ባለጠጋ ተብለዋል።

ተረቴን መልሱ፤ ዘይት ከተረፈም አፌን አብሱ።