በሕግ አምላክ የቆሙት በሬዎች

እግዚአብሔር ሐይቁን ሲፈጥር አጥር አላበጀለትም። አጥሩን ያመጡት የወረዳው ሹም አቶ ይርዳው ናቸው። «ከዛሬ ጀምሮ የሐይቁ ዳር አሸዋ የመኪና መንሸራሸሪያ ነው፤ ከብት ድርሽ እንዳይል!» ብለው አወጁ።

አንድ ገበሬ አዋጁን አልሰማም ነበርና፣ ቦራና ዳልቻ የሚባሉ በሬዎቹ በጥም ምላሳቸው ቢንጠለጠል፣ ቀንበራቸውን እንኳ ሳይፈታ ወደ ሐይቁ ነዳቸው። ሹሙ ከላንድክሩዘራቸው መስኮት ብቅ ብለው፣ «በሕግ አምላክ! ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል!» አሉት። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አይራመድምና ገበሬው ከነበሬዎቹ ቀጥ አለ።

ሹሙም ከኋላ የተቀመጡትን እንግዶቻቸውን ሊያስደምሙ፣ አሸዋውን እያቦነኑ ውሃው ጠርዝ ድረስ ሲጋልቡ መኪናዋ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ጎማው በዞረ ቁጥር ጉዞው ወደ ታች ሆነ። ሞገዱም በበሩ ይገባ ጀመር።

«አንተ! በሬዎችህን ይዘህ ቶሎ ና፣ ጎትተህ አውጣን!»

«ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ ብለው አቁመውኛል፤ እኔ ደግሞ አምላኬን እፈራለሁ። መኪናዎን ግን ያቆማት የለምና እሷው ትምጣ።»

እንግዶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሹሙም፣ «በቃ ፈትቼሃለሁ! ለበሬዎቹም ፈቅጃለሁ፣ ዛሬም ነገም!» ሲሉ ጮኹ።

ገበሬው አማተበና በሬዎቹን ነዳ። እነሱም ውሃው ዘንድ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው ይጠጡ ጀመር። ይጠጣሉ፣ ይጠጣሉ። ሹሙ ውሃው ጉልበታቸው ቢደርስ፣ «ምን ጎለተህ? ፍጠን እንጂ!» አሉ።

«አይቸኩሉ ጌታዬ፣» አላቸው ገበሬው፤ «ውሃው ለሁላችንም ይበቃል።»