ይህ የማን ለቅሶ ነው?

አንድ ሰው ነበረ። ሰው ስልህ ሴት ናት፤ ሥራዋም ሙሾ ማውረድ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር ትጠራለች፣ በለቅሶተኛው መካከል ትቆማለች፣ ለሟቹ ግጥም እየገጠመች ታስለቅሳለች። ስሟ ማንጠግቦሽ ይባላል። ስሙን ልብ በልልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

አንተ ከጧት ጀምረህ የምትጠይቀኝ ስለ መጽሐፍ እንደሆነ አልጠፋኝም። በራስህ ወጪ ልብ ወለድ ታሳትማለህ፣ በራስህ ትከሻ ተሸክመህ መናኸሪያ ለመናኸሪያ እየዞርክ ትሸጣለህ። በዓመት አራት ካላወጣህ አንባቢ ይረሳሃል፤ አራት ካወጣህ ደግሞ ጽሑፉ ይሳሳብሃል። ደክሞሃል፣ ከፊትህ ያስታውቃል። «ብዙ ልጻፍ ወይስ ጥሩ ልጻፍ?» አልከኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ልሸኝህ እችል ነበር። ግን እንቁላሉ ጊዜ አለው፤ ማንጠግቦሽ አልነበራትም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ አስከሬንም ግጥሙ እስኪያምር ድረስ አይቆይም። ስለዚህ የእሷን ስማ።

መጀመሪያ ላይ ማንጠግቦሽ የአንድ ደብር ሙሾ አውራጅ ነበረች። በወር ሁለት ወይም ሦስት ለቅሶ ቢደርሳት ነው። ወደ ለቅሶው ሜዳ ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ ጓዳ ትገባለች፤ ከሟች ጋር በአንድ ጣራ ሥር የኖረ ሰው ትፈልግና አጠገቡ ትቀመጣለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ጧት ሲነሳ መጀመሪያ የሚነካው ምን ነበር?» ትላለች። ቸር ነበር፣ ደፋር ነበር፣ ዘሩ ከእነ እገሌ ነው የሚለውን ሳትጠይቅም ይነግሯታል። ይህን ግን ካልጠየቀች ማንም አይነግራትም። መልሱን እንደያዘች ትወጣለች፤ ግጥሙ ከጓዳው እስከ ሜዳው ባለው መንገድ ላይ ያልቃል። ለግጥም ፈጣን ነበረች፤ እሱ ተፈጥሮዋ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ሞተ። ሚስቱ፣ ጧት ሲነሳ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወጥቶ የበሬውን ግንባር ይዳብስ እንደነበር ነገረቻት። ማንጠግቦሽ ወጣችና እንዲህ አለች፦

ማለዳ ሳትነካው የማታልፍ ግንባሩን፣
በሬህ ደጅ ላይ ቆሟል፣ ማን ይንገረው ሞትህን?

ያን ቀን ያላለቀሰ አልነበረም። ሟቹን የማያውቁ መንገደኞች ሳይቀሩ ሸክማቸውን አውርደው አለቀሱ። ግጥሙ ከለቅሶው ወጥቶ ገበያ ገባ፤ ከገበያው ደግሞ ወንዝ ተሻገረ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር ቀረ። መጀመሪያ ከሦስት ደብር፣ ቆይቶም ከስድስት ይጠሯት ጀመር። በቀን ሁለት ለቅሶ፣ አንዳንዴም አራት። አንዱን ሳትጨርስ የሚቀጥለው መልክተኛ በቅሎ ይዞ አጥር ሥር ይቆማል። እምቢ እንዳትል የሰው ሐዘን ነው። ደግሞም መተዳደሪያዋ ነው፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ መሬት የላትም፣ ያላት ጉሮሮዋ ነው።

መጀመሪያ የተወችው ጓዳ መግባቱን ነው። ክፋት አልነበረም፣ ደክሟት ነው። ለገበሬ የበሬው ግጥም አላት፣ ለወታደር የጠመንጃው፣ ለባልቴት የእንዝርቱ። በበቅሎ ላይ እንዳለች «ሟች ማን ይባላል? ሥራውስ ምን ነበር?» ትላለች፤ ሲነግሯት ስሙን አስገብታ ታወርደዋለች። ሰውም ያለቅስ ነበር። ለነገሩ ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ሊያለቅስ ነው፤ ግማሹን ሥራ ሟቹ ይሠራላታል። እሷን ግን ከዚህ በፊት የማታውቀው ድካም ያዛት። ድሮ ከለቅሶ ስትመለስ የሚደክማት እግሯ ነበር፤ አሁን ገና ከቤት ሳትወጣ አፏ ይደክማታል። ያንኑ ግጥም ለሠላሳኛ ጊዜ ስትለው፣ ታኝኮ የተጣለ ሸንኮራ አንስታ የምታኝክ ይመስላት ነበር። አንዳንድ ሴቶችም ቀስ ብለው «ማንጠግቦሽንስ ጠገብናት» ይባባሉ ጀመር። ሰምታለች። እንዳልሰማ ሆና አለፈች።

አንድ ቀን፣ በጾሙ ሰሞን ነው፣ ለሦስተኛ ለቅሶዋ ደረሰች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ካህናቱ መጥተዋል፣ አስከሬኑ ሊነሳ ጥቂት ቀርቷል፣ የአራተኛው ለቅሶ መልክተኛም ሌላ በቅሎ ይዞ ማዶ ቆሟል። ሟች አንሙት የሚባል ገበሬ ነው አሏት። ገበሬ ሲሏት በቃት። ከበቅሎዋ ወረደች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መሃል ገብታ «ማለዳ ሳትነካው የማታልፍ ግንባሩን» ብላ ጀመረች።

የተቀበላት የለም። ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን ያነሱ ሴቶች እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ያልሰሟት መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ያን ጊዜ የሟች ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሳች። የቁጣ ምልክት አልነበረባትም፤ ከቁጣ በላይ የደከማት ሴት ናት።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ይህ የማን ለቅሶ ነው?» አለቻት።

ማንጠግቦሽ ግጥሙን አቋረጠች። ሴትዮዋ ቀጠለች፦

«አንሙት በሬ ኖሮት አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው በሰው በሬ ነው። ይህን ግጥም ለጎረቤታችን ስትይው እዚያው ነበርን፤ እኔም እሱም አልቅሰንበታል። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ‹እኔም ስሞት እሷን ጥሩልኝ፤ ለእኔም የኔን አታጣልኝም› ብሎኝ ነበር። ያስጠራሁሽ ለዚህ ነው።»

ልጄ፣ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ማንጠግቦሽ አፈረች። ዓይኗ ወደ በቅሎው ሄደ። ይቅርታ ብላ መሄድ ትችላለች፣ ማዶ እየጠበቋት ነው፣ እዚያ ያለው ሟች ደግሞ ወታደር ነው፣ የጠመንጃው ግጥም ምላሷ ላይ ነው። ሁሉንም አሰበችው። ከዚያም በለቅሶው መካከል መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሙሾ አውራጅ መሃል ሜዳ ላይ ስትቀመጥ ያየ ሰው አልነበረም። ካህናቱ ጥቂት እንዲታገሷት ለመነች፤ የሟችን ሚስት እጅ ይዛም አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ጧት ሲነሳ መጀመሪያ የሚነካው ምን ነበር?» አለቻት።

 «ገመድ» አለች ሴትዮዋ። በተጋቡ ዓመት፣ ወደፊት ለሚገዛው በሬ ብሎ ከቆዳ የጠፍር ገመድ ገምዶ ነበር። ገመዱ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ጠፍር ካልታሸ ይደርቃል፤ ስለዚህ አንሙት በየማለዳው ያወርደዋል፣ ሞራ ነክቶ ያሸዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ የሰው በሬ ሊጠምድ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አደረገ። እሷ ስቃበትም ታውቃለች፣ ተቆጥታውም ታውቃለች። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃት ስላልነበረ ነው።

ማንጠግቦሽ ተነሳች። ድምፅዋ ሻክሮ ነበርና ከፍ ልታደርገው አልሞከረችም።

ገመዱ ለስልሶ በሬው እስኪመጣ፣
ጠብቆ ጠብቆ ባለቤቱ ወጣ።

መጀመሪያ ያለቀሱት ወንዶቹ ናቸው። ከእነሱ መካከል በሬ የሌለው ብዙ ነበረ። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ሜዳው ሁሉ ተነቃነቀ። አንድ ሽማግሌ ሳይነግሩት ቤት ገብቶ ገመዱን አወረደ፤ አንሙትንም በቃሬዛው ላይ ያሰሩት በእሱ ነው። ያ ገመድ ከተገመደ ጀምሮ ያሰረው የመጀመሪያው ነገር ጌታው ሆነ።

ለአራተኛው ለቅሶ ስትደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ወታደሩ ያለ ሙሾ ተቀበረ፤ ልጆቹም ያላሏት ነገር የለም። እውነታቸውን ነው፣ እሷም አልተከራከረችም። ከዚያ ቀን ጀምራ ግን በቀን ከሁለት ለቅሶ በላይ አልሄድም አለች። የቀሩባቸው ሰዎች አዘኑባት፣ የረገሟትም አሉ። በሄደችበት ሁሉ ጓዳ ትገባለች። ጥያቄው ጊዜ የሚፈጅ እንዳይመስልህ፤ አንድ ጣሳ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ነው። ግጥሙን እንደ ድሮው በመንገድ ላይ ትጨርሰዋለች። እስክትሞት ድረስ እግሯ ይደክማት ነበር፤ ይህን አልደብቅህም። አፏ ግን ዳግመኛ አልደከማትም።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። ሙሾ አውራጇ አንተ ነህ፤ በቅሎ ይዞ የሚጠብቅህም የሚቀጥለው መጽሐፍህ ነው። አንሙት አንባቢህ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፍህን መናኸሪያ ውስጥ ገዝታ፣ አውቶቡስ ላይ ያለቀሰችበት አንዲት ሴት አለች። ስድስተኛውን የገዛችው «ለእኔም የኔን አያጣልኝም» ብላ ነው። ከፈተችው። ያው ዝናብ፣ ያው መስኮት፣ ያችው ልጅ፤ ስሟን ብቻ ቀይረሃል። አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ። ያቺ ሴት መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘግታ «ይህ የማን ለቅሶ ነው?» ትላለች። ማንጠግቦሽ እንኳ ዕድለኛ ነበረች፤ ፊት ለፊት ነገሯት። አንተን የሚነግርህ የለም፤ ሰባተኛውን አይገዙህም፣ በቃ።

ፍጥነትህን አልነቅፍብህም። እጅህ ፈጣን ከሆነ ይፍጠን፤ የማይፈጥነውን አንዱን ነገር ግን ለይተህ እወቅ፣ እሱን አትዝለል። እሱን ሳትዘል በዓመት አራት ከደረሰልህ አራት ይሁን። ሁለት ብቻ ከሆነም ሁለት ይሁን፤ የቀሩብህ ይቆጡሃል፣ ትችለዋለህ። የደከመህ ብዙ ስለጻፍክ መስሎሃል። ከእሱ ይልቅ ያንኑ እየደገምክ ስለሆነ ይመስለኛል።

አሁን የጀመርከው ልብ ወለድ ስለ አንድ ሾፌር ነው አልከኝ። ስሙን ነገርከኝ፣ ፍቅሩን ነገርከኝ፣ እንዴት እንደሚሞትም ነገርከኝ። እስቲ ይህን ንገረኝ፤ ጧት ሲነሳ መጀመሪያ የሚነካው ምንድን ነው?

አታውቀውም፣ አይደል? እንግዲያው ገና ጓዳ አልገባህም። ሂድ፣ ግባ።