ሦስት አሮጌ ላፕቶፖችና የወይዘሮ የውብዳር ስእለት

በአንድ ወቅት፣ ከዛሬ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት የወሎ ከተማ ወይዘሮ የውብዳር የሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። ከወፍጮውና ከአንድ ልጃቸው ከደርበው በቀር የኔ የሚሉት አልነበራቸውም።

ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ሦስት ወላጅ አልባ ጓደኛሞች በአንድ ኮንቴነር ውስጥ ያገለገሉ ላፕቶፖች ይሸጡ ነበር። በአንድ ነገር ብቻ አይስማሙም፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ የትኛው አሮጌ ፕሮሰሰር እንደሚሻል። ማንም ራሱ የማይጠቀምበትን ማሽን እንዳያሞግስ ስለተማማሉ፣ እያንዳንዱ የሚያምንበትን ተሸክሞ ይዞራል። ይማም ሁለተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ሰቨን ነበረው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ይግላል፣ ይጮኻል፣ ከሶኬት ከተነቀለም ወዲያው ይጠፋል። አራጋው ስምንተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ይዟል፤ ረጋ ያለ ነው፣ ባትሪውም ውሎ ይገባል። ጌጡ የያዘው ሴሌሮን ነበር፤ ቀርፋፋ፣ ፋን እንኳ የሌለው፣ ድምፅ የማያሰማ።

«ያንተ'ኮ ላፕቶፕ አይደለም ይማም፤ ምጣድ ነው» ይላል አራጋው።

«ቢያንስ ይሠራል» ይላል ይማም። «የጌጡ አንድ የሠርግ ቪዲዮ እስኪከፍት ሙሽሮቹ ልጅ ይወልዳሉ።»

«ይወለዳል እንጂ!» ይላል ጌጡ። «አንተ ጋ ሙሽሮቹ ይቃጠላሉ።»

ቀልድ ብቻም አልነበረም። ባለፈው ክረምት በዚሁ ጉዳይ ተደባድበው ይማም የአራጋውን ከንፈር ሰንጥቋል፤ አራጋውም በኪቦርድ የይማምን ቅንድብ ከፍቷል። ወይዘሮ የውብዳር ናቸው በመጥረጊያ እንጨት መትተው የገላገሏቸው።

ወይዘሮዋ በወፍጮ ቤቱ ግቢ ካሜራ አስተክለው ነበር። የሚቀዳውን ምስል የሚያስቀምጡ ሁለት ላፕቶፖች በየተራ የዱቄት ብናኝ አንቆ ገደለባቸው። ሦስተኛውን ጌጡ ሸጠላቸው። «ፋን የለውም እትዬ፤ ፋን ከሌለው ዱቄት አይስብም» አላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሴሌሮን የሚገዛው ሌላ ሰው አጥቶ ነበር። ማሽኑ ግን ከጆንያዎቹ መሃል ተቀምጦ ሳያስነጥስ ሠራ።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው እንደደመቀ፣ ታረቀኝ የተባለ የእህል ነጋዴ በወፍጮ ቤቱ ግቢ ከጆንያ ክምር ጀርባ በጩቤ ተወግቶ ወደቀ። ድምፁን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ደርበው ነበር። ደሙን በእጁ ለማቆም ሲታገል ሰውየው ሞተ። የሟች ወንድሞች ሲደርሱ ያዩት በደም የተነከረ ልጅ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም።

ወይዘሮ የውብዳር ከጓዳ ሲወጡ ልጃቸው በገዛ ወፍጯቸው ማዞሪያ ቀበቶ፣ በቺንጋው፣ ከመብራት ምሰሶው ጋር ታስሮ ነበር። አንዱ በዱላ ይመታዋል፣ አንዱ በድንጋይ። ጆሮው ተንጠልጥሏል። ሌላው ምሰሶው ላይ ያለውን የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን በመጥረቢያ ፈልጦት የሰፈሩ መብራት ጠፍቷል። ስልክ ያነሳ ሁሉ ስልኩን ይነጠቅና ይፈጠፈጥበታል። ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸውና የሚመታው የሟች የሚስት ወንድም ምስጋናው ነበር። «ደም በደም!» ይላል።

እናትየው ዘለው ሊገቡ ሲሉ አንዱ በክርኑ ጥርሳቸውን መትቶ ጣላቸው። ከወደቁበት ሆነው ጮኹ፦

«ልጄን ያዳነልኝን ሰው የጡት ልጄ አደርገዋለሁ! ወፍጮውን ከደርበው እኩል ይካፈላል! የሰማ ይስማ!»

የጡት ልጅነት እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። እናት አውራ ጣቷን ማር ትቀባለች፤ የሚጠባው ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ወለደችው ነው፤ ይወርሳል፣ ይቀብራታል። ሦስቱም ጓደኛሞች ሰምተዋል።

ጌጡ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ። የካሜራው ቀረጻ ያለበትን ሚሞሪ ካርድ ከሴሌሮኑ ሊነቅል ሲል ምስጋናው የብረት ዘንግ ይዞ ወደ ግቢው ገባና ካሜራውን አደቀቀው። ጌጡ በዚያች አፍታ ማሽኑን እንደበራ በፉርሽካ ጆንያ ውስጥ ከተተው። «ማሽኑ የት ነው?» አለ ምስጋናው። «የቱ ማሽን?» አለ ጌጡ። ዘንጉ በጎኑ አረፈ። ወፍጮው ቆሞ ስለነበር ምስጋናው ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ፤ የላፕቶፕ ሽውታ ፈለገ፤ ከፉርሽካው ግን ትንፍሽ የሚል ነገር አልነበረም። የጌጡን ሁለት የጎን አጥንት ሰብሮ ወጣ። ጌጡ ማሽኑን ከፉርሽካው አወጣ። ቪዲዮውን ለማየት ሞከረ፤ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ካርዱን ነቅሎ በደረቱ እየተሳበ ኮንቴነሩ ደረሰ።

ይማም ካርዱን ተቀብሎ ጄኔሬተር ወዳለው ፎቶ ቤት በረረ። የጠዋቱ ቀረጻ በሙሉ አንድ ግዙፍ ፋይል ነበር፤ አይ ሰቨኑ በቅጽበት ከፈተው። ይማም ወደፊት አስሮጦ ጩቤው የተመዘዘባትን ቅጽበት አገኘ፣ የወጊውን ፊት አጎላ፣ ቆርጦ ማውጣት ጀመረ። ያኔ ፋኑ ቀጥ አለ። ከውጭ የተወረወረ ድንጋይም መስታወቱን ሰብሮ ግንባሩን ገመሰው። ማሽኑ ሊጠፋ እንደሆነ ሲያውቅ የሥሩን ክዳን ገንጥሎ እርጥብ ጨርቅ በጋለው መዳብ ላይ በመዳፉ ተጫነ። ጨርቁ ጨሰ፣ መዳፉም ተላጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ያዘ እንጂ አልለቀቀም። ቪዲዮው ወጣ፤ ማሽኑም በዚያው ሞተ።

አራጋው ቪዲዮውን በፍላሽ ተቀብሎ አይ ፋይቩን ከራሱ በላይ አንስቶ ሰው መሃል ገባ። «አባትየው ይዩት! አቶ ሰብስቤ ይዩት!» እያለ ነው የሚጮኸው። ዱላ ግራ ክንዱን ሰበረው፤ በቀኙ ያዘው። ቋንጃውን ሲመቱት ተንበረከከ፤ በጉልበቱ ሄደ። ስክሪኑ አልጠፋም። የሟች አባት አቶ ሰብስቤ ፀሐዩ ስላላሳያቸው ጋቢያቸውን በማሽኑና በራሳቸው ላይ ጣሉ።  አስደግመው አዩት። ሲገለጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ምስጋናው» አሉ፣ «በልጄ ቤት ያበላንህ አንተ አልነበርክም?»

ደርበውን ማንም አልፈታውም፤ ዝም ብለው ተዉት። ዱላው ሁሉ ወደ ምስጋናው ዞረ። ፖሊስ ወደ ሰማይ እየተኮሰ ሲደርስ ምስጋናው ገና ይተነፍስ ነበር፤ ይህም ለፖሊሶቹ ትጋት ሳይሆን ለአጥንቱ ውፍረት የሚቆጠር ነው።

ደርበው አንድ ዓይኑን አጥቶ ተረፈ።

እሑድ ሦስቱ በፋሻ ተጠቅልለው ከወይዘሮ የውብዳር ፊት ተቀመጡ። ሴትዮዋ ስእለቱን ለሦስት መክፈል አልቻሉም፤ ሽማግሌዎቹም «አንድ ሰው ብለው ተስለዋል፤ አንድ ነው» ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

«እኔ ተቀጥቅጬ ዝም ባልል» አለ ጌጡ ጎኑን ይዞ፣ «እነሱ ምን ያያሉ?»

«ዝም ያለው ማሽንህ ነው፤ አንተማ ስትጮህ እስከ ፎቶ ቤት ይሰማ ነበር» አለ ይማም። «እትዬ፣ እኔ እጄም ማሽኔም ሄዷል። የአራጋው አይ ፋይቭ ያን ፋይል እስኪቆርጥ ደርበው ይቀበር ነበር።»

«ቆርጠህ ፎቶ ቤት ተቀመጥክ'ኮ» አለ አራጋው። «አንተ ሰው መሃል ስትገባ ያየህ አለ? ሶኬት እየጎተትክ ልትገባ ነበር?»

«አንተ እንደሆንክ ተላላኪ ነህ!» አለ ይማም።

«ድገማት!» አራጋው በተሰበረው ክንዱ ሊነሳ ሞከረ።

«ተቀመጡ!» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። የመጥረጊያው እንጨት አሁንም እንዳለ አስታወሷቸው።

ከዚያ ተራ በተራ አዩአቸው። ጌጡ በሥቃይ ውስጥ ጠብቆ ያቆየውን ይማም ባያወጣው ካርዱ ፕላስቲክ ነው። ይማም እጁን አቃጥሎ ያወጣውን አራጋው ባያደርሰው ቪዲዮው ለፎቶ ቤት ግድግዳ ነው። አራጋውም አጥንቱን ሰጥቶ ያደረሰው ሌሎቹ የሰጡትን ነው። ጌጡ ማሽኑን የሸጠላቸው ለማራገፍ እንደሆነ ያውቃሉ። ይማም ለልጃቸው ይሁን ለአይ ሰቨኑ ክብር እንዲያ እንደነደደ አያውቁም። አራጋው ከወፍጮው በፊት ስለ ደርበው አስቦ እንደሆነም ሊጠይቁት ይፈራሉ።

ማሩን ቀቡ። አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ከፊታቸው ሦስት ያበጡ አፎች አሉ፤ ጣታቸው ወደ አንዳቸውም ሳያዘነብል ማሩ ወደ አንጓቸው መውረድ ጀምሯል።

እናንተ የሰማችሁ፣ ፍረዱ እንጂ፤ ደርበውን ያዳነው ማን ነው? ማሩስ የሚገባው ለየትኛው አፍ ነው?