የአቶ ሸዋንግዛው ዋንዛና የምሳው ብልሃት

በእኛ ሰፈር ወዳጅ ለደግ ብሎ ሲቆጣ፣ ሐኪምም እያሳመመ ሲያድን የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ሁላችንም እንላታለን፤ መነሻዋ የአቶ ሸዋንግዛው ዋንዛ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አቶ ሸዋንግዛው ባለቤታቸው ይታይሽ ከሞተችባቸው ወዲህ መጽናኛቸው እሷ በእጇ የተከለችው ዋንዛ ነበር። ዛፉ አድጎ አድጎ ቅርንጫፉ በአጥሩ በኩል ወደሚያልፈው የመብራት ሽቦ ተጠጋ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ የመስመር ሠራተኞች መሰላል ተሸክመው ሽቦ የሚነካ ቅርንጫፍ ሊከረክሙ ይመጣሉ።

ሰውየው ደግሞ ብልሃት አላጡም። ሠራተኞቹ በር ላይ ሲደርሱ "መጀመሪያ አፋችሁን አርጥቡ" ብለው ያስገቧቸዋል። ቀይ ወጡ ይቀርባል፤ ጠላው ይቀዳል። ጠላ የቀመሰ ሰው ዛፍ ላይ እንዳይወጣ የሥራው ደንብ ይከለክላል። ስለዚህ "በሉ ለከርሞ ያድርሰን" ብለው፣ መርቀው ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በአራተኛው ዓመት የሠራተኞቹ አለቃ ሆና የመጣችው አስካለ የምትባል ቆፍጣና ሴት ነበረች። ገበታውን አየችና ሳቅ አለች።

"አባባ፣ ቅርንጫፉ ይቅደም። ምሳው የትም አይሄድ።"

"ልጄ፣ ይህን ዛፍ እኮ ሟች ሚስቴ ናት የተከለችው" አሉ።

"ለዚሁ ነው የምቆርጠው። አምና ታች ሰፈር አንድ ግራር ሽቦ ነክቶ ተቃጠለ፤ የተረፈውን ከሥሩ ጣልነው። የእርስዎን እንደዚያ ማድረግ አልፈልግም።"

መብራቱን አስጠፍታ፣ ራሷ ወጥታ፣ ወደ ሽቦው ያዘነበሉትን ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ ቆረጠች። አናቱን አልነካችም። አቶ ሸዋንግዛው ግን ተቀየሙ፤ በራቸውን ዘጉና እንግዶቹ ጦማቸውን ሄዱ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ የሚገነጥል ነፋስ ተነሣ። ዋንዛው ወደ ሽቦው ጎንበስ፣ ቀና፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል። አቶ ሸዋንግዛው መስኮት ላይ ቆመው "ይታይሽ፣ አለቀልን" ይላሉ። ዛፉ ግን በተጎነበሰ ቁጥር ሽቦው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ይመለሳል።

ዝናቡ ሲያባራ ወጡና ማገዶ አላደርገውም ብለው አጥሩ ሥር ያጋደሙትን ቁራጭ በክንዳቸው ለኩት። አምስት ክንድ ሆነ። እዚያው ቁራጩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

በማግስቱ ቀይ ወጡን በአገልግል ይዘው፣ ጠላውን ግን ትተው፣ የይታይሽን እናት እማማ ብርቄን አስከትለው አስካለን ሥራ ቦታዋ ድረስ ፈለጓት።

"ልጄ፣ ያን ቀን ጦማችሁን ሰደድኳችሁ። አንቺ ግን ይታይሽን ዳግመኛ ከመቅበር አዳንሽኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ" አሏት።

አስካለ አገልግሉን ተቀብላ፣ "ቆርጬብዎት ነው የሚያመሰግኑኝ?" ብትል፣ እማማ ብርቄ እጇን ይዘው ከሳሙ በኋላ እንዲህ አሉ፦ "አዎን ልጄ፣ ግንዱን የወደደ ቅርንጫፉን ይቆርጣል።"