የአቶ ናደው መኪና ዝም ያለች ዕለት

የወረዳው አስተዳዳሪ ክቡር አቶ ናደው ራሳቸው የሚነዷት፣ ጣራዋ ክፍት የሆነ ቀይ የድሮ የእሽቅድድም መኪና ነበረቻቸው። ስታገሣ ከታችኛው ድልድይ ጀምሮ ትሰማለች። እሳቸው እስኪደርሱ ሰፈሩ ሁሉ ወሬውን አቋርጦ፣ ብድግ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እሳቸውም ይህ ሁሉ ፍቅር መሆኑን ተጠራጥረው አያውቁም።

ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ አንዲት መካኒክ ዘንድ ወሰዷት። መካኒኳም ሞተሩን አውጥታ ባትሪ አስገባችና በኤሌክትሪክ የምትሄድ አደረገችላቸው። መኪናዋ እንደ ድመት ኮቴዋ የማይሰማ ሆነች።

በማግስቱ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ይንከተከታል፤ መምጣታቸውን የሰማ የለም። ሥጋ ሻጩ ቦርጫም ለመምሰል ሸሚዙ ውስጥ ጆንያ ወሽቆ፣ አገጩን ሰቅሎ እየተንጎራደደ «እኔን የማይወድ ማነው?» ይላል። አቶ ናደው መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ይሄ የሚያስመስለው ጅል ደግሞ ማነው?» ብለው ሊጠይቁ ሲሉ ነው ሰውየው የደፋውን ባርኔጣ ያዩት። የራሳቸው ዓይነት ባርኔጣ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋራዡ በረሩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መኪናዬን አበላሸሽብኝ። ከቀየርሻት ወዲህ ሰው ሁሉ ያላግጥብኛል። ዛሬውኑ ድምጿን መልሺ፤ አለዚያ ጋራዥሽን አሳሽገዋለሁ።»

መካኒኳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ክቡርነትዎ፣ ማላገጡማ ድሮም ነበር፤ ሞተሩ ነው ሸፍኖልዎት የኖረው። እኔ የበኩሌን ሠርቻለሁ፤ መኪናዋ ተቀይራለች። ያልተቀየሩት ሹፌሩ ብቻ ናቸው።»