የነጩ ዳገት ኡኡታ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ዛሬ የያዝኩት ተረት ብርድ አለበት፤ እግራችሁን ጋቢው ውስጥ አስገቡ። አንተ ጥጉን የያዝከው፣ ከአሁኑ አትሸፋፈን! ጭራቁ ገና አልመጣም።

ድሮ፣ ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ተራሮች ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለብሰው በሚኖሩበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ አንዲት መንደር ነበረች። ከመንደሯ በላይ ነጩ ዳገት የሚባል ቦታ አለ፤ ዛፍ የለበት፣ ቁጥቋጦ የለበት፣ ወጥ ነጭ ነው። ከዳገቱ በላይ ዋሻ አለ። ዋሻው ውስጥስ ማን አለ? አዎ፣ እሱ ነው! ጥፍሩ ዶማ የሚያህል፣ ሆዱ ጎተራ የሚያህል ጭራቅ! የመንደሩ ሰው ግን መኖሩንም አያውቅም።

የዚያች መንደር ሰዎች አንድ ወግ ነበራቸው። "ኡኡ! የሰው ያለህ!" የሚል ድምፅ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። የሚሮጠውም ብቻውን አይደለም፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነው። ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው፣ ምድጃው ቢጠፋበት እንኳ ከጎረቤት እሳት አይሰጠውም። ደግ ወግ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ችግሩ ጭራቁም ወደደው!

አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ ሲጥል ሰነበተና አባራ። በማግስቱ ጠዋት ከነጩ ዳገት ላይ ድምፅ ተሰማ።

"ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!"

ሰባት ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ። ዳገቱ መሃል ሲደርሱ ተራራው ከሆዱ ውስጥ "ውምምምም" አለ። በረዶው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ናዳው ወረደ፣ ሰባቱንም ዋጣቸው። ጭራቁ ከዋሻው ወጥቶ በጥፍሩ እየቆፈረ አንድ ባንድ አወጣቸው፤ ከረጢቱ ውስጥ ከተታቸው፤ ዋሻው ውስጥ አጎራቸውና ቤት የሚያህል ድንጋይ ገጠመባቸው።

"ብርዱ ረጅም ነው፤ ስንቄ ናችሁ!" አላቸው።

ማታውን እንደገና በረዶ ጣለ። በሁለተኛው ቀን ያው ድምፅ መጣ።

"ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!"

በመንደሩ አያ ደርብ የሚባል መንገድ መሪ ነበረ። በረዶ ላይ እግሩን ከማሳረፉ በፊት ሁልጊዜ ረጅም ዘንጉን እየወጋ ነው የሚሄደው። "ወገኖቼ፣ አንድ ባንድ እንለፍ፤ ይህ በረዶ አላማረኝም" አለ።

"ሰው እየጮኸ እኛ ተራርቀን ልንሄድ? ነውር አይደለም እንዴ አያ ደርብ?" አሉት።

አያ ደርብ አፈረ። እጁ ለመያያዝ ስለተፈለገ ዘንጉን ለልጁ ለአንጓች ሰጣትና ከአራት ሰዎች ጋር ተያይዞ ሮጠ። ተራራው "ውምምምም" አለ። እነሱም እንደ ፊተኞቹ ሄዱ። አንጓች ዘንጉን እንዳቀፈች ቆማ አየች፤ ምንም ማድረግ አልቻለችም።

ማታውንም እንደገና በረዶ ጣለ። በሦስተኛው ቀን መንደሩ ውስጥ የቀሩት ሴቶች፣ ልጆችና አቅመ ደካሞች ብቻ ነበሩ። ፀሐይ ብቅ ስትል ድምፁ መጣ። ግን የዛሬው ድምፅ የሌላ ሰው አልነበረም፤ የአያ ደርብ ነበር።

"ኡኡ! አንጓቼ! ልጄ! የሰው ያለህ!"

ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንጓች ዘንጉን መንገዱ ላይ አጋደመች።

"እማዬ፣ በሞቴ! መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ልየው። እዚህ ጠብቁኝ።"

እናቷ አለቀሰች፤ ግን እጇን ዘርግታ ሌሎቹን አገደች።

አንጓች ወጣች። ከዳገቱ ጠርዝ ካለች ቋጥኝ ላይ ቆማ ዘንጉን በረዶው ውስጥ ወጋች።

"ዘንጌ፣ ዘንጌ፣ ከእግሬ ሥር ምን አለ?"

ዘንጉ ተናገረ! ለአባቷ ይናገር እንደነበር አላውቅም፤ ተናግሮም ከሆነ አባቷ አልነገራትም።

"ላዩ የትናንት፣ ሥሩ የከረመ፣ በመካከላቸው ፍቅር የለም" አላት።

"ታዲያ ልሂድ ወይስ ልቅር?"

"እኔ ዘንግ ነኝ። ያለውን እነግርሻለሁ፤ የምታደርጊውን አላውቅልሽም።"

ከላይ ድምፁ መጣ። "አንጓቼ! እግሬ ተሰብሯል፣ ድረሽልኝ!"

አንጓች አንድ እግሯን አነሳች። መልሳ አሳረፈችው። ዘንጉን ወጋች።

"ዘንጌ፣ ዘንጌ፣ ከእግሬ ሥር ምን አለ?"

"ላዩ የትናንት፣ ሥሩ የከረመ፣ በመካከላቸው ፍቅር የለም። ፀሐይም ነክታዋለች።"

ከላይ ድምፁ መጣ። አሁን ደክሟል። "አንጓቼ፣ በረደኝ። በረደኝ እኮ ልጄ!"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ብሆን እሮጥ ነበር፤ ናዳውም ይበላኝ ነበር። አንጓች ግን ጥርሷን ነክሳ ዘንጉን ወጋች።

"ዘንጌ፣ ዘንጌ፣ ከእግሬ ሥር ምን አለ?"

"ላዩ የትናንት፣ ሥሩ የከረመ፣ በመካከላቸው ፍቅር የለም። አሁንማ ውሃ እየገባበት ነው።"

ከላይ ድምፁ መጣ። "እንግዲያው እኔ ልጅ የለኝም!"

አንጓች ይህን ሰማች። ብትሄድ በረዶው ይወርዳል፤ ብትቀር አባቷ ይሞታል። ቋጥኙ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፤ በረዶው ዓይን ይወጋል። ተንኮል አላሰበችም፣ ዘዴ አልነበራትም። ልቅሶው ራሱ አፏን ከፍቶ ወጣ።

"ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!"

ጭራቁ ከዋሻው ሰማ። እስከዛሬ እሱ ሲጮህ ሰው ይመጣል እንጂ ሰው ሲጮህ ሰምቶ አያውቅም። "ናዳው ይዞልኛል ማለት ነው!" ብሎ ዘለለ።

"ወረደልኝ! ወረደልኝ! ምሳዬ ተጠቅልሎ ወረደልኝ!"

አዲሶቹን የሚያስገባበት እንዲሆን ድንጋዩን ከዋሻው አፍ አንከባለለ፤ መዝጋቱን ረሳው። ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ ያንን ጎተራ ሆዱን ተሸክሞ፣ በቀትር ፀሐይ ዳገቱ መሃል ገባ። አንድ እርምጃ፣ ዱብ! ሁለት እርምጃ፣ ዱብ! ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል ተራራው ከሆዱ ውስጥ...

ምን አለ? አዎ! "ውምምምም!"

ዳገቱ እንዳለ ተነቅሎ ወረደ። ጭራቁን፣ ከረጢቱን፣ ዶማ ጥፍሩን ጠቅልሎ አንጓች ከተቀመጠችበት ቋጥኝ አጠገብ ተምዘግዝጎ አልፎ ገደል ከተተው። ከገደሉ ሥር ወፍራም ድምፅ ወጣ። የማንም አባት ድምፅ አልነበረም፤ የራሱ ነበር።

"ኡኡ! ኡኡ! የሰው..."

ቀሪውን በረዶው ዋጠው።

በመንደሩ ጫፍ ሴቶቹ የአንጓችን ኡኡታ ሰምተው ሊሮጡ ነበር። እናቷ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "ልጄ ጠብቁኝ ብላለች!" ብላ አቁማቸው ነበር። ናዳው ሲያልፍ ወደ ዳገቱ የሚወጣው መንገድ ባዶ ነበር።

ነጩ ዳገት ጥቁር ድንጋዩ ወጣ። በዚያ ድንጋይ ላይ ከዋሻው ሰዎች ወረዱ፤ ከስተዋል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ግን አሥራ ሁለቱም አሉ። እጅ ለእጅ አልተያያዙም፤ አንድ ባንድ፣ ተራርቀው ነው የወረዱት። ፊተኛው አያ ደርብ ነበር። አንጓች እንዳየችው መሬት መሬቱን ታይ ጀመር።

"አባዬ" አለችው፣ "ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ። ሦስቱንም ጊዜ ቀረሁብህ።"

"እኔ አልጠራሁሽም። ጭራቁ በድምፄ ሲጠራሽ ከድንጋዩ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር" አላት። "አፌን ታስሬ፣ በልቤ እባክሽ ቅሪ፣ እባክሽ ቅሪ እያልኩ ነበር። እንኳን ቀረሽልኝ!"

አቅፏት አለቀሰ። እሷም እስኪበቃት አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ በዚያች መንደር ኡኡታ ሲሰማ አንድ ሰው ዘንግ ይዞ ይቀድማል፤ ሌላው መቀነቱን ጨብጦ ይጠብቃል። ለጠበቀውም እሳት አይነፈገውም።

ተረቴ ከተራራው አንድ ባንድ ረግጣ እናንተ ዘንድ ደረሰች። በሉ አሁን ጋቢውን ግለጡና እግራችሁን ቁጠሩ፤ ጭራቁ ያስቀረው እንዳይኖር!