ለአራት የተከፈለው መጽሐፍ

በአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ የጠፈር ልብ ወለድ ወዳጆች ነበሩ። ከሚወዱት ተከታታይ ፊልም ተነስቶ የተጻፈውን ወፍራም መጽሐፍ ያገኙት አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበር፣ ለአራት ከፍለው እያንዳንዱን በክር ሰፍተው በየሳምንቱ ይቀያየሩት ነበር። ለመጻሕፍታቸውም እዚያው አንድ መደርደሪያ ነበራቸው።

«መጨረሻ ላይ ካፒቴኑ እኮ...» ብለው ጡረተኛው መካኒክ ጋሽ ተስፉ ጀመሩ።

«ኧረ ጋሼ፣ በማርያም! እኔ ገና ሦስተኛው ክፍል ላይ ነኝ!» አለች አንዲት ጎመን ነጋዴ ጆሮዋን ደፍና።

ይህን ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ አዲሱ ኃላፊ አቶ ምናላቸው ገቡ። ከነጋዴዋ ጭን ላይ ያለውን ክፍል አንስተው እንደቆሙ አንድ ገጽ አነበቡ።

«ይሄም መጽሐፍ ሆነና! መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ የለው፤ የፊልም ትርፍራፊ! በይ አንቺ ሴትዮ፣ ከዚህ ያገኘሽውን አንድ ቁም ነገር ንገሪኝ። ካጣሽ መደርደሪያችሁ ዛሬውኑ ይጸዳል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«አንድስ አግኝቻለሁ፣ ጌታዬ፤ ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ይዞ በመጽሐፉ ላይ አለመፍረድን። መጀመሪያውም መጨረሻውም እነዚሁ ሰዎች እጅ ላይ ነው። እርስዎም መፍረድ ካማረዎት እንደኛው ወረፋ ይያዙ።»